የእንስሳትን ዘር በብርድ ስለ ማቆየት

የአንድ መልካም ኮርማ ዘር ከኮርማው ሞት በኋላ ለብዙ ዘመን ተቀምጦ ላሞችን ማስረገዝ መቻሉ ለሰሚው ተረት ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን ዛሬ በብዙ አገር የተለመደ ሥራ ነው። ጥበቡ የተገኘው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1949 ዓመተ ምሕረት በእንግሊዝ አገር ነው። ፖልጅ፣ ስሚዝና ፓርክስ የተባሉ ሊቃውንት የአውራ ዶሮ ዘር ሲመረምሩ፣ ግሊሰሪን የተጨመረበት ዘር በረዶ ሆኖ ሲሟሟ ሕይወቱን እንደማያጣ አዩ። ግሊሰሪኑም የገባው ታስቦ አይደለም፤ በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ጽሕፈት ስሕተት ስለ ነበረ ነው እንጂ።

ውሃ በረዶ ሲሆን የዘሩን ሕዋሳት ይሰብራል፤ ግሊሰሪን ይህን ጉዳት ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ለኮርማ የበጀው ዘዴ ለሁሉ አይበጅም። የኮርማ ዘር ከእንቁላል አስኳልና ከጥቂት ግሊሰሪን ጋር ተቀላቅሎ፣ እንደ ቀሰም በቀጠነ ቱቦ ተሞልቶ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነው በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ በደኅና ይቆያል። የእሪያ ዘር ግን ገና ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ መጎዳት ይጀምራል፤ ስለዚህ አርቢዎች አብዛኛውን ጊዜ በረዶ ሳያደርጉ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ አቆይተው በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠቀሙበታል። ከአውራ ፍየል ዘር ጋር የሚወጣው ፈሳሽ ደግሞ የአስኳሉን ቅባት አፍርሶ ዘሩን የሚመርዝ ነገር ስለሚያወጣ፣ ዘሩን አስቀድሞ ማጠብ ያስፈልጋል። የድንጉላ ፈረስ ዘር ከፈረስ ፈረስ ይለያያል። የበግ ዘር ከብርዱ ቢተርፍም የበጊቱ የማኅፀን አፍ ጠባብና ጠማማ ስለ ሆነ መሣሪያ በቀላሉ አያሳልፍም። በዶሮስ ያለው ነገር ይብሳል፤ ዘሩን ያዳነው ያው ግሊሰሪን በሴቲቱ ዶሮ ሆድ ውስጥ ፅንስን ይከለክላልና ከመጨመሩ በፊት መወገድ አለበት።

በኢትዮጵያ ከቃሊቲ ጣቢያ ወደ ገጠሩ የሚላከው የኮርማ ዘር ነው። በዚህ ረገድ ትልቁ ጠላት ርቀትና ቸልታ ነው። ናይትሮጅን ባይነኩትም በየቀኑ ይተናል። ጎድሎ ዘሩ ከሞቀ በኋላ ጋኑን ቢሞሉት የሞተው አይነሣም፤ ለዓይንም ከሕያው አይለይም። ባለከብቱ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ላሚቱ በ21 ቀን ገደማ እንደገና ኮርማ ስትፈልግ ያያል፤ የወተቱም ዘመን ይዘገይበታል፤ ያን ጊዜም ኮርማውን ወይም አዳቃዩን ይወቅሳል እንጂ ጋኑን የሚጠረጥር የለም። ስለዚህ የወረዳው ሹም የናይትሮጅኑን ልክ በመለኪያ ዘንግ በየሳምንቱ አስለክቶ በመዝገብ ያስጽፍ፤ መንገድ በክረምት ከመቋረጡ አስቀድሞም መሙያውን ያስመጣ።