ያውቁ ኖሯል? ድምፅ ቁጥር ሲሆን

በመደበኛው ዲጂታል የስልክ መስመር ድምፅዎ በሰከንድ 8,000 ጊዜ እንደሚለካ ያውቁ ኖሯል? አንዱ ልኬት 8 ቢት ይይዛል፤ ሲባዛ በሰከንድ 64,000 ቢት። ከመለካቱ በፊት ግን ማጣሪያ ከ3,400 ኸርዝ በላይ ያለውን ይቆርጠዋል። ስም ሲያስመዘግቡ «ሰ» ነው «ፈ» ነው የሚያከራክረው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ማጣሪያው ባይኖርስ? በሰከንድ 44,100 ጊዜ በሚለካው የሲዲ ቀረጻ ውስጥ የ30,000 ኸርዝ ድምፅ ሾልኮ ቢገባ፣ ጆሮ የማይሰማው ያ ድምፅ 14,100 ኸርዝ ሆኖ ይወጣል። ከእውነተኛው የሚለይበት ምልክት ስለሌለው በኋላ በሶፍትዌር ማጽዳት አይቻልም። ማጣሪያው የግድ ድምፁን ወደ ቁጥር ከሚለውጠው መቀየሪያ ፊት ይቆማል።

44,100 የሚለው ቁጥር ራሱ የቪዲዮ ካሴት ቅሪት ነው። ቀደምቱ ዲጂታል ድምፅ የሚቀዳው በቪዲዮ መቅጃ ነበር፦ በመስመር 3 ናሙና፣ 245 መስመር፣ በሰከንድ 60 ጊዜ። ያባዙት።

በርናርድ ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ለኤፕስኮ ኩባንያ የሠራው «ዳትራክ» የተባለ መቀየሪያ 68 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። በቫኪዩም ቲዩብ ይሠራል፤ 500 ዋት ይበላል። በሰከንድ 50,000 ልኬት በ11 ቢት ይሰጥ ነበር። ዛሬ ይህን ከጥፍር ያነሰ ቺፕ ከጥቂት ሚሊዋት ባልበለጠ ኃይል ይሠራዋል።

የዳትራክ ዘዴ ግን የሚዛን ዘዴ ነው። ትልቁን ድንጋይ አስቀምጦ ማየት፤ ከከበደ ማንሳት፤ ግማሹን መሞከር። 12 ቢት ለማግኘት 12 ሙከራ ይበቃል። ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚያነጻጽረው «ፍላሽ» መቀየሪያ ግን ለ8 ቢት 255 አነጻጻሪ፣ ለ12 ቢት 4,095 ይፈልጋል። በጣም ይፈጥናል፣ ኃይሉንም እንዲሁ ይጨርሳል።

አንድ ቢት መጨመር ቀላል ይመስላል። የሙቀት ጫጫታ ወሰን ላይ በደረሰ መቀየሪያ ግን አንዷ ቢት ካፓሲተሩን 4 እጥፍ ታሳድጋለች፤ የኃይል ፍጆታውም አብሮ ይወጣል። ከ12 ወደ 16 ቢት? 256 እጥፍ። «16 ቢት» የሚል ጽሑፍ አይቶ መግዛት፣ በእኔ አስተያየት፣ ብዙ ጊዜ ለጫጫታ መክፈል ነው።

ባትሪ የሚጨርሰው መቀየሪያው ሳይሆን መጠበቁ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ተኝቶ ቆይቶ በየሰዓቱ አንዴ ነቅቶ የሚለካ መሣሪያ ያስቡ። ከመቀየሪያው ፊት የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና የ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ማጣሪያ ቢኖር፣ በ12 ቢት ልክ እስኪረጋ 90 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ልኬቱ ራሱ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ነው። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ሴንሰሩም ቺፑም ነቅተው ይጠብቃሉ። ባትሪው ቶሎ ሲያልቅ ግን ተጠያቂ የሚደረገው መቀየሪያው ነው። ማጣሪያውን ማየት የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 ቶኪዮ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ኢኖሴና ያሱዳ ባቀረቡት የዴልታ ሲግማ ዘዴ በ1 ቢት ብቻ፣ ግን እጅግ በፍጥነት መለካት ይቻላል። ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ በሰከንድ 2,822,400 ጊዜ ይለካል። በዴልታ ሲግማ መቀየሪያ ጫጫታው ወደ ላይኛው ድግግሞሽ ይገፋና ዲጂታል ማጣሪያ ይጠርገዋል። የፊቱ ማጣሪያ ቀላልና ርካሽ ይሆናል፤ ከኋላ ያለው ግን ኃይልም ጊዜም ይጠይቃል።

ጫጫታ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። ላውረንስ ሮበርትስ የተባለ መሐንዲስ በዚያው ዓመት ባሳተመው ጥናት ሥዕል ላይ ሆን ብሎ ጫጫታ ጨምሮ ምስሉን ለዓይን አሻሽሎታል። ቀልድ አይደለም።

ሌላው ጫጫታ ከመብራት መስመር ይመጣል። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ፣ የአሜሪካ 60 ኸርዝ ነው። ለ60 የተስተካከለ የልብ ምርመራ መሣሪያ አዲስ አበባ ላይ የ50ውን ንዝረት ሳያጠፋ ያሳልፈዋል። 20 ሚሊሰከንድ እየደመረ የሚለካ ቴስተር እዚህ ጫጫታውን ሲያጠፋ፣ ዋሽንግተን ላይ ቁጥሩ ይዋዥቃል። 100 ሚሊሰከንድ የሚለካው ለሁለቱም ይሆናል፦ እዚህ 5 ሙሉ ዑደት፣ እዚያ 6።