የማይታየው መጋጠሚያ፦ ከእርሳስ ነፃ ሶልደር የማዘርቦርድ አመራረትን እንዴት እንደለወጠ

መግቢያ

አንድ ማዘርቦርድ በሺዎች የሚቆጠሩ የሶልደር መጋጠሚያዎች አሉት። ኤልጂኤ 1700 የተሰኘው የፕሮሰሰር ሶኬት ብቻውን 1700 የግንኙነት ነጥቦች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ነጥብ ከሶኬቱ ሥር በምትገኝ ጥቃቅን የሶልደር እንክብል አማካይነት ከሰሌዳው ጋር ይያያዛል። ምልክት ከሚያስተላልፉት እንክብሎች አንዷ በአግባቡ ካልተያያዘች ኮምፒዩተሩ ጨርሶ ላይነሣ፣ ወይም ለወራት ሠርቶ ያለ ግልጽ ምክንያት ሊቆም ይችላል። ይህ ጽሑፍ የማዘርቦርድ አመራረትን ዋና ዋና ደረጃዎች በመዳሰስ፣ እርሳስ ከሶልደር መወገዱ በሒደቱ ላይ ያስከተለውን ጫና ያብራራል።

የለውጡ መነሻ

የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ለአሥርት ዓመታት በስፋት የተጠቀመበት ሶልደር 63 በመቶ ቲን እና 37 በመቶ እርሳስ የያዘ ቅይጥ ሲሆን፣ የሚቀልጠውም በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ይሁን እንጂ እርሳስ በተለይ የሕፃናትን የነርቭ ሥርዓት የሚጎዳ መርዛማ ብረት ነው፤ ያረጁ ሰሌዳዎች ሲጣሉና ሲቃጠሉ አፈርን፣ ውኃንና አየርን ይበክላል። በዚህም ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2002/95 እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ለገበያ በሚቀርቡ አብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ የእርሳስ መጠን ከአንድ ወጥ ቁስ ክብደት 0.1 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ። በምትኩ በስፋት ሥራ ላይ ከዋሉት ቅይጦች አንዱ 96.5 በመቶ ቲን፣ 3 በመቶ ብር እና 0.5 በመቶ መዳብ የያዘው ሲሆን፣ መቅለጥ የሚጀምረው በ217 ዲግሪ ነው።

ከሕትመት እስከ ምድጃ

ባዶው ሰሌዳ በኢፖክሲ ሙጫ ከተያያዘ የብርጭቆ ክርና ከመዳብ ንብርብሮች የተሠራ ነው። በመገጣጠሚያ መስመሩ ላይ በመጀመሪያ ከብረት ዱቄትና ከፍለክስ የተዘጋጀ የሶልደር ሊጥ፣ ውፍረቱ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር በሚሆን ቀዳዳማ የብረት ገበታ በኩል ይታተምበታል። የሊጡ ማነስ ግንኙነትን ያሳጣል፤ መብዛቱ ደግሞ ጎረቤት ነጥቦችን ያገናኛል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ጠብታ መጠን በካሜራ ይለካል። ከዚያም ፈጣን ማሽኖች ሬዚስተሮችን፣ ካፓሲተሮችንና ቺፖችን እያነሱ በሊጡ ላይ ያስቀምጣሉ።

ሰሌዳው ቀጥሎ በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ወደ ረጅም ምድጃ ይገባል። ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ጨምሮ ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ክልል ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ያህል ይቆያል። ይህ ቆይታ ፍለክሱ የብረቱን ዝገት እንዲያጸዳና ትልልቆቹ ክፍሎች በሙቀት ከትንንሾቹ ጋር እንዲቀራረቡ ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ሶልደሩ ይቀልጣል፤ ቀዝቅዞም ይጠነክራል። እንደ ኋላ ገጽ ማያያዣዎች ያሉ ረጃጅም እግር ያላቸው ክፍሎች ደግሞ በቀዳዳ ገብተው፣ የቀለጠ ሶልደር ማዕበል ከሥራቸው እንዲያልፍ ይደረጋል።

የጠበበው የሙቀት ወሰን

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ግዙፍ የቺፕ ፓኬጆች የሚችሉት የሙቀት ጣሪያ ብዙ ጊዜ 245 ዲግሪ አካባቢ ነው። በ183 ዲግሪ በሚቀልጠው ሶልደርና በዚህ ጣሪያ መካከል 62 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር፣ በ217 ዲግሪ ለሚቀልጠው የሚቀረው 28 ዲግሪ ብቻ ነው። በአንድ ሰሌዳ ላይ ያሉ ክፍሎች ደግሞ እኩል አይሞቁም። ጥቃቅኗ ሬዚስተር ቶሎ ስትግል፣ ከሥሩ ሰፊ መዳብ የተነጠፈበት ሶኬት መሐል ዘግይቶ ይሞቃል። መሐንዲሱ ይህን ሁሉ ልዩነት በ28 ዲግሪ ውስጥ ማስታረቅ ይጠበቅበታል። ለዚህም በናሙና ሰሌዳ ላይ የሙቀት መለኪያ ሽቦዎችን አጣብቆ በምድጃው ውስጥ በማሳለፍ የየቦታውን ሙቀት ይመዘግባል።

ከፍተኛው ሙቀት ሰሌዳውንም ያለሰልሳል። የኢፖክሲው የመለስለሻ ሙቀት እንደ ዓይነቱ ከ130 እስከ 180 ዲግሪ ስለሆነ፣ ሶልደሩ በሚቀልጥበት ጊዜ ሰሌዳውና ፓኬጁ በተለያየ መጠን ሊጎብጡ ይችላሉ።

የተሰወረ ጉድለት

ከመጉበጥ የሚመጣው አደገኛ ጉድለት በሙያው ቋንቋ «ራስ በትራስ» ይባላል። እንክብሏ ከሊጡ ተለይታ ከፍ ትላለች፤ ስትመለስ ግን ገጽዋ ዝጎ ስለሚቆይ ሳትዋሐድ በላዩ ላይ ብቻ ታርፋለች። ንክኪ ስላለ የኤሌክትሪክ ፍተሻውን ልታልፍ ትችላለች፤ ተጠቃሚው እጅ ከገባች በኋላ ግን በሙቀት መለዋወጥ ትላቀቃለች። መደበኛ ካሜራ ከፓኬጁ ሥር ያለውን ስለማያይ ፋብሪካዎች በኤክስሬይ ይመረምራሉ፤ ከላይ በቀጥታ የተነሣ ምስል ይህን ጉድለት ሊሰውር ስለሚችል ከጎን ያዘነበለ ዕይታ ያስፈልጋል። በመጨረሻም ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ተገጥሞ ሰሌዳው ሥራ ላይ ይፈተሻል።

ማጠቃለያ

ሕግ አውጪዎችም የአስተማማኝነቱን ሥጋት ተገንዝበው ስለነበር፣ ለሰርቨሮችና ለኔትወርክ መሠረተ ልማት መሣሪያዎች የሚውል ሶልደር ለዓመታት ከእገዳው ነፃ ሆኖ ቆይቷል። የቤትና የቢሮ ኮምፒዩተሮች ግን ይህ ፋታ አልተሰጣቸውም። የጤና ጥበቃ ውሳኔው ያስከተለው ዋጋ የተከፈለው አዲስ ቅይጥ በመግዛት ብቻ ሳይሆን፣ ሕትመትን፣ ሙቀትንና ምርመራን እጅግ በጠበበ ወሰን ውስጥ በመቆጣጠር ጭምር ነው። የማዘርቦርድ ጥራት ሲመዘን በገጹ ላይ ከሚታዩት ክፍሎች እኩል ከሥራቸው የተሰወሩት መጋጠሚያዎች ትኩረት የሚሹትም ለዚህ ነው።