የእራፊ ዕቁብ

እናቴ የጨርቅ ቁራጭ የምታጠራቅምበት የዱቄት ከረጢት ነበራት። ያረጀ ሸሚዝ፣ የተቀደደ አንሶላ፣ ከልብስ ሰፊ ቤት የተረፈ እራፊ፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ከረጢቱ ሲሞላ አፉ ይሰፋና ትራስ ይሆናል እንጂ አይጣልም። ያም ሆኖ «ድሪቶ» የሚለው ቃል በቤታችን ክብር አልነበረውም። ድሪቶ የለበሰ ማለት የቸገረው ማለት ነው። ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ሱሪ አልብሳኝ ትምህርት ቤት ስትልከኝ መንገድ ላይ ያለቀስኩትን ለቅሶ ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

አሁን ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሥራ ስመለስ ማታ ማታ ተቀምጬ የምሠራው ድሪቶ ነው። አሜሪካኖች ክዊልት ይሉታል። ለአገሬ ሰው ሳስረዳ «ብርድ ልብስ ነዋ!» ብሎ የሚያልፈኝ ብዙ ነው። ብርድ ልብስ የሚለው ስም ግን የሚነግረን ጥቅሙን ብቻ ነው። አሠራሩን የሚናገረው «ደረተ» የሚለው የራሳችን ግሥ ነው፤ ስለዚህ ቃሉን ሳላፍር እጠቀምበታለሁ።

ክዊልት ሦስት ድርብ ነው። የላይኛው ከቁርጥራጭ የተገጣጠመው ፊቱ ነው። መካከሉ ባዘቶ ነው፤ እናቶቻችን ለፈትል ከሚያዘጋጁት የሚለየው በፋብሪካ ተዳምጦ፣ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ በመሸጡ ነው። ከጥጥ፣ ከሱፍ ወይም ከፖሊስተር የተሠራ ይገኛል። የታችኛው ገበሩ ነው። ሦስቱ ተነባብረው ከላይ እስከ ታች በሚዘልቅ ስፌት ይያያዛሉ። ይህ ስፌት ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባዘቶው በስፌት ካልተያዘ በታጠበ ቁጥር እየሸሸ አንድ ጥግ ሄዶ ይጓጉላል፤ ስፌቱ ቢበዛ በምን ያህል ርቀት መውደቅ እንዳለበትም መጠቅለያው ላይ ተጽፎ ነው የሚሸጠው። በመጨረሻ ዙሪያው በቀጭን የጨርቅ ጠርዝ ይቀመቀማል። ሙቀቱ የሚመጣው በድርቦቹ መካከል ከሚያዘው አየር ነው፤ ጋቢያችንን አራት ድርብ ያደረጉት አባቶችም ይህን ያውቁ ነበር።

ፊቱ የሚሠራው ብሎክ በሚባሉ አራት ማዕዘኖች ነው፤ በብዛት የሚሠራባቸው ልክ ጎንና ጎኑ 12 ኢንች ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። እያንዳንዱ ንድፍ ስም አለው። ዘጠኝ ካሬ በሦስት ረድፍ የሚሰፋበት «ዘጠኝ እራፊ» ይባላል፤ ለጀማሪ የሚሰጠውም እሱ ነው። ከመሀል አንድ ካሬ ተነሥቶ ዙሪያውን በዘንግ በዘንግ የሚያድገው «የግንድ ጎጆ» ነው፤ መሀሉ ብዙ ጊዜ ቀይ ይደረጋል፤ ጎጆው ውስጥ የሚነደው ምድጃ ነው ይላሉ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንኑ ነው። በምድጃ ዙሪያ ያደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ጠጋ ብላችሁ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ከሁለት ሦስት ማዕዘኖች የተሠራ ካሬ አለ፤ ግማሹ ጨለማ፣ ግማሹ ብርሃን። ከዚህ ብቻ ኮከብም፣ ነፋስ የሚያዞረው መዘውርም፣ የሚበር ዝይም ይሠራል። ያልተማረ ሰው መጀመሪያ ሦስት ማዕዘን ቆርጦ ከዚያ ሊገጥም ይነሣል፤ አይሆንም። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ እጅ በነካው ቁጥር ይለጠጣል። ስለዚህ አንድ ጠቆር ያለና አንድ ነጣ ያለ ባለ 5 ኢንች ካሬ ትወስዳላችሁ፤ ፊትና ፊታቸውን ታጋጥማላችሁ፤ ከጥግ እስከ ጥግ በእርሳስ ሰያፍ መሥመር ታሰምራላችሁ። የምትሰፉት መሥመሩን ይዛችሁ አይደለም፤ ከመሥመሩ በስተቀኝና በስተግራ ሩብ ሩብ ኢንች እየራቃችሁ ሁለት ጊዜ ነው። ከዚያ በመሥመሩ ላይ ትቆርጡታላችሁ። ስትዘረጉት ሁለት ካሬ በእጃችሁ አለ፤ ሰያፉ በስፌት ታስሮ ስለተወለደ አይለጠጥም። ዳር ዳሩን ከርክማችሁ ወደ አራት ተኩል ኢንች ታወርዱታላችሁ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ለሰዓታት እሱኑ ስሰፋ አመሸሁ።

የስፌቱ ትርፍ ሁልጊዜ ሩብ ኢንች ነው፤ ስድስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ሙያው በሙሉ በዚች ትርፍ ላይ የቆመ ነው። መቁረጫው ፒዛ እንደሚቆረጥበት ያለ ክብ ምላጭ ነው፤ ኦልፋ የተባለ የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው መሣሪያ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ቁራጩ ሁሉ አንድ በአንድ በመቀስ ነበር የሚወጣው። ካውያም ከስፌት መኪናው እኩል ይሠራል። የአንዱ ረድፍ ስፌት ወደ ቀኝ ከተተኮሰ የሚቀጥለው ወደ ግራ ይተኮሳል፤ ሲጋጠሙ እጥፋቶቹ እንደ ጣት ይቆላለፉና ማዕዘኑ ልክ ይመጣል። ስፌት መኪናዬ ከሰው ቤት በርካሽ የገዛሁት አሮጌ ሲንጀር ነው። የመርካቶን ልብስ ሰፊዎች የመኪና ድምፅ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ድምፅ የቤት ድምፅ ነው።

ወደዚህ ሙያ ያስገባኝ ግን ጨርቁ አይደለም፤ ልውውጡ ነው።

የመጀመሪያው ልውውጤ የካሬ ነበር። እያንዳንዷ ተሳታፊ ከአንድ ዓይነት ጨርቅ ባለ 5 ኢንች 24 ካሬ ቆርጣ ለአስተባባሪዋ በፖስታ ትልካለች። አስተባባሪዋ የሃያ አራታችንን ደባልቃ ለእያንዳንዳችን 24 የተለያየ ካሬ ትመልሳለች። ሕጉ ጥቂት ነው፦ ጨርቁ ንጹሕ ጥጥ ይሁን፣ የሲጋራ ሽታ አይኑረው፣ ልኩ አይዛነፍ። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ አንድም ጨርቅ ሳይደገም ክዊልት መሥራት የተወደደ ልማድ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓይነት በአንድ ቤት ማግኘት ስለማይቻል ከጎረቤትና ከዘመድ መለዋወጥ ግድ ነበር። ከዚያም ቀድሞ በ1840ዎቹ ወደ ሩቅ አገር ለሚሄድ ወዳጅ እያንዳንዱ ሰው ብሎክ ሰፍቶ፣ ስሙን በቀለም ጽፎበት፣ አንድ ላይ ደርተው ይሰጡት ነበር።

ሁለተኛው የብሎክ ልውውጥ ነበር፤ እዚህ ላይ አጠፋሁ። የሠራሁት ዘጠኝ እራፊ ከስፌት ትርፉ ጋር 12 ኢንች ተኩል መሆን ሲገባው ሩብ ኢንች አጠረ። ምክንያቱን ሳሰላው፣ በእያንዳንዱ ስፌት ላይ ከሁለቱም ጨርቅ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል አብልጬ ገብቻለሁ። ሁለት ስፌት ሲሆን ስድስት ሚሊ ሜትር ጠፋ። ለዓይን የማይታይ ስሕተት ተደምሮ ማዕዘን ያፈርሳል። ብሎኩ የደረሳት ሴት ግን አልመለሰችልኝም። ዙሪያውን በቀጭን ሰማያዊ ጨርቅ ከፍፋ ልኩን አሟላችና በክዊልቷ መሀል ሰፋችው፤ ፎቶውንም ላከችልኝ። ከጎኑ አንድ ምክር ጻፈች፦ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት አንድ ኢንች ተኩል ስፋት ያላቸው ሦስት ጥብጣቦች ጎን ለጎን ስፊ፤ የመሀሉ በማስመሪያ ልክ አንድ ኢንች ካልመጣ መኪናሽን አስተካክዪ። ከዚያ ወዲህ ያንን ሳላደርግ ሥራ ጀምሬ አላውቅም።

ሦስተኛውን ልውውጥ ሲያስረዱኝ በልቤ «ይሄማ ዕቁብ ነው» አልኩ። አሥራ ሁለት ሴቶች ይሰበሰባሉ። በየወሩ ተራው የአንዷ ነው። ባለተራዋ የምትፈልገውን ንድፍና ቀለም ትናገራለች፤ ከራሷም ጨርቅ ትልካለች። የቀሩት አሥራ አንዱ አንድ አንድ ብሎክ ሰፍተው ይልኩላታል። ዓመቱ ሲያልቅ አሥራ ሁለቱም የሁሉም እጅ ያለበት ክዊልት ይኖራቸዋል። በገንዘብ ፋንታ እራፊና ጊዜ ተጣለ እንጂ፣ ደንቡም መተማመኑም ያው የኛው ነው። በድሮው ጊዜ ደግሞ ሴቶቹ በእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ ክዊልት ከበው ተቀምጠው ሦስቱን ድርብ በአንድ ቀን በመርፌ ያያይዙት ነበር። ያ ደቦ ነው።

ድሪቶ የሚለው ቃል በውስጤ የተገለበጠው ግን ስለ ጂስ ቤንድ ሳነብ ነው። አላባማ ውስጥ፣ ዊልኮክስ በሚባለው ካውንቲ፣ ወንዙ ሦስት ጎኑን የከበበው መንደር ነው፤ በመንግሥት መዝገብ ላይ ስሙ ቦይኪን ነው። ነዋሪዎቹ በጥጥ እርሻ ላይ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የሚጠሩት ፔትዌይ በሚለው የባለእርሻው ስም ነው። ሴቶቹ ብርድ ለመከላከል ያላቸውን ሁሉ ደረቱ፦ ጉልበቱ ያለቀ ጂንስ፣ የዱቄት ከረጢት፣ የሥራ ሸሚዝ። ሱሪው ከዓመታት ፀሐይ በኋላ ሰማያዊው ነጥቷል፤ ኪሱ የተነሣበት ቦታ ግን እንደ አዲስ ጠቁሮ ይታያል። ያንን ጥቁር ካሬ ሆን ብለው ከፊት አደረጉት።

በ1962 ጥቁሮች ለመምረጥ ለመመዝገብ ሲታገሉ ወደ ካውንቲው ከተማ ካምደን የሚያሻግራቸው ጀልባ ቆመ፤ እስከ 2006 ድረስ አልተመለሰም። በ1966 ከዚያው አካባቢ የተሰባሰቡ ሴቶች «ፍሪደም ክዊልቲንግ ቢ» የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ክዊልት እየሸጡ ቤታቸውን መደጎም ጀመሩ። በ2002 የመንደሩ ክዊልቶች በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ ከዚያም ኒው ዮርክ፣ ዊትኒ ሙዚየም። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ አሥሩን በቴምብር አወጣቸው።

ከመንደሩ ክዊልቶች መካከል ወደ አንዱ ሁልጊዜ እመለሳለሁ። ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሶቹን ሰብስባ፣ ከሱሪውና ከሸሚዙ ክዊልት ሠራች። ልጇ አርሎንዚያ በኋላ እንደተናገረችው፣ እናትየዋ የፈለገችው እሱን እያስታወሰች በፍቅር ልትለብሰው ነው። አዲስ ጨርቅ ይህን ሊሰጣት አይችልም ነበር።

ከመንደሩ ውጭ ደግሞ ሁልጊዜ የማስባት ክዊልት ሠሪ ሃሪየት ፓወርስ ናት። በ1837 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት ተወለደች። ነጻ ከወጣች በኋላ አዳምና ሔዋንን፣ ቃየንና አቤልን፣ የያዕቆብን መሰላል፣ ስቅለቱን በጨርቅ ምስል ቆርጣ በ11 ክፍል ሰፋችው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሥዕል ተደርድሮ ላየ ኢትዮጵያዊ አነባበቡ አይጠፋውም። በ1886 እዚያው ጆርጂያ፣ በአቴንስ ከተማ የጥጥ ትርዒት ላይ አሳየችው። ጄኒ ስሚዝ የተባለች ሠዓሊ ሽጪልኝ ብትላት አልሸጥም አለች፤ ኋላ ግን ቤቷ ሲቸገር አሥር ዶላር ጠይቃ በአምስት ዶላር ለቀቀችው። ከሸጠችው በኋላም እየሄደች ታየው ነበር። ዛሬ ዋሽንግተን ውስጥ የስሚዝሶኒያን ንብረት ነው፤ ከቤቴ በሜትሮ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም።

ዘንድሮ ዕቁቡ ደረሰኝ። የእኅቴ ልጅ አርግዛለች፤ ለሕፃኑ እንዲሆን አሰብኩ። እናቴ ጋ ደውዬ ጥለቱ ያልሳሳ አሮጌ ቀሚስ እንድትልክልኝ ለመንኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ለአራስ ድሪቶ ልትሰጪ ነው? አዲስ ልግዛና ልላክልሽ እንጂ።»

«እማዬ፣ የለበስሽውን ነው የምፈልገው።»

ዝም አለች። በሁለተኛው ሳምንት በመንገደኛ እጅ የእኅቴን ሠርግ የዋለችበት ቀሚስ ደረሰኝ፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ።

ሸማን ለክዊልት መቁረጥ ቀላል አይደለም። ሽመናው ለስላሳ ስለሆነ መቀስ የነካው ጠርዝ ወዲያው ይፈታል፤ ድሩ ከማጉ ይላቀቃል። ስለዚህ ከመቁረጤ በፊት ጀርባውን በካውያ ሙቀት በሚጣበቅ ስስ ገበር አስያዝኩት። ከዚያ ጥለቱን ተከትዬ አሥራ ሁለት ቁራጭ አወጣሁ። አንዱን ለራሴ አስቀርቼ አሥራ አንዱን በአሥራ አንድ ፖስታ ላክሁ። የለመንኩት የግንድ ጎጆ ነበር፤ በቀዩ ምድጃ ቦታ ጥለቱ ይግባ።

እስካሁን ዘጠኙ ተመልሰዋል። አንዷ ዙሪያውን በአባቷ የክራባት ጨርቅ ሠርታዋለች። ሌላዋ የጥለቱን አረንጓዴና ወርቃማ ክር ቆጥራ እነዚያኑ ቀለሞች በዚያው ቅደም ተከተል በዘንጎቹ ላይ ደግማቸዋለች። ሳሎን ወለል ላይ ሦስት በአራት ደርድሬያቸዋለሁ፤ ሦስት ቦታ ክፍት ነው፤ አንዱ የኔው፣ ገና ያልሰፋሁት። ሲያልቅ ስፋቱ 36፣ ቁመቱ 48 ኢንች ይሆናል።

በክዊልት ጀርባ፣ ጥጉ ላይ፣ የሠሩት ሰዎች ስም፣ ቦታና ዓመት የሚጻፍበት ትንሽ ጨርቅ ይሰፋል። የአሥራ ሁለታችንን ስም ጽፌ ከላይ የእናቴን ለመጨመር ደወልኩላትና በአማርኛ ይሁን በእንግሊዝኛ ብዬ ጠየቅኋት።

«ልጁ በሚያነበው ጻፊው» አለችኝ።

በሁለቱም እጽፈዋለሁ።