በማሕፀን ያለ ሕፃን የእናቱ ማዕድ ተካፋይ ነው

ገበሬ ስንዴውን ከመዝራቱ በፊት ማሳውን ያርሳል፣ ያለሰልሳል፤ ዘሩ ከመሬት በላይ ሳይታይ የሚያገኘው ጕዳት በኋላ በአዝመራው ላይ እንደሚታይ ያውቃልና። በሮቤና በጎባ ዙሪያ የሚኖረው የባሌ ደጋ ገበሬ ለዚህ ጥበብ አስተማሪ አያስፈልገውም። ስለ ሰው ልጅም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የልጅ እድገት የሚጀምረው በተወለደ ቀን ሳይሆን ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ነው።

በዲንሾ አካባቢ የኮሶ ዛፍ በብዛት ይታያል። ኮሶ የሆድ ትል መድኀኒት ሆኖ በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲጠጣ ኖሯል፤ ነገር ግን ፅንስ እንዳያስወርድ ተፈርቶ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም ነበር። እንግዲህ እናት የጠጣችው ነገር ወደ ልጇ እንደሚደርስ ቀደምት ወላጆቻችን ያውቁ ነበር ማለት ነው። ዳሩ ግን ለኮሶ የተደረገው ጥንቃቄ ለአረቄ፣ ለጠላና ለጫት አልተደረገም።

በፈረንሳይ አገር ፖል ለሞይን የተባሉ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ዓ. ም. መጠጥ ከሚያዘወትሩ ወላጆች ስለ ተወለዱ 127 ልጆች ጻፉ። በ1973 ዓ. ም. ደግሞ በአሜሪካ የሲያትል ሐኪሞች ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ ከባልደረቦቻቸው ጋራ፣ በዝምድና የማይገናኙ ስምንት ልጆች አንድ ዓይነት የፊት መልክ፣ የሰውነት ማነስና የአእምሮ እድገት መዘግየት እንዳላቸው ገለጹ፤ የስምንቱም እናቶች በመጠጥ ሱስ የተያዙ ነበሩ። ምክንያቱ ግልጥ ነው። አልኮል በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ሕፃኑ ደም ይገባል፤ ያልጠና ጕበቱም ሊያስወግደው አይችልም። በእርግዝና ጊዜ ጕዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን አልተገኘም።

የጫትም ነገር እንዲሁ ሲመረመር ቈይቷል። በየመን በ1987 ዓ. ም. በወጣ ጥናት 1,141 ወሊዶች ታይተው፣ ጫት የሚቅሙ እናቶች ልጆች ሲወለዱ ክብደታቸው አንሶ ተገኝቷል። በ1988 ዓ. ም. በተገለጸ ሌላ ምርመራ ጫት ወደ እንግዴ ልጅ የሚሄደውን ደም እንደሚቀንስ በእንስሳት ላይ ታይቷል። በአገራችንም ሐጂ ከድር፣ የማነ ብርሃኔና ዓለማየሁ ወርቁ በ2013 ዓ. ም. ባወጡት ጥናት፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ገጠር ጫት መቃም ከነፍሰ ጡሮች የደም ማነስ ጋራ የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። ጫት ረኀብን ያስረሳል፤ እናቲቱ ሳትበላ ስትውል ልጁም አብሯት ይጾማል።

ይሁን እንጂ ክቡራን አንባብያን፣ ከዚህ ተነሥተን በእናቶች ላይ ለመፍረድ አንቸኵል። በአሜሪካ በ1980ዎቹ ዓመታት እናቶቻቸው ኮኬይን የወሰዱ ሕፃናት ሁሉ የጠፉ ትውልድ ናቸው ተብሎ ብዙ ተጽፎ ነበር። በፊላደልፊያ ሐላም ኸርት የተባሉት ሐኪም ከ1989 ዓ. ም. ጀምሮ የተወለዱ 224 ሕፃናትን ይዘው ለብዙ ዓመታት ቢከታተሉ፣ ኮኬይን በደረሰባቸውና ባልደረሰባቸው መካከል ብዙ ልዩነት አላገኙም፤ ሁለቱንም ወገን ይበልጥ የጐዳው ድኽነት ነበር። አስቀድሞ የተሰጠው ክፉ ስም ግን በልጆቹና በእናቶቻቸው ላይ ቀርቷል።

ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። የተነቀፈች እናት ከሐኪም ፊት ትሸሸጋለች፤ የተሸሸገችን እናት ደግሞ ማንም ሊረዳት አይችልም። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት በ2014 ዓ. ም. ባወጣው መመሪያ፣ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር በምርመራ ቀን ሁሉ ስለ መጠጥና ስለ ሌሎች ሱሶች እንድትጠየቅ መክሯል። ጥያቄው ለሁሉም የሚቀርብ ከሆነ ማንንም አያሳፍርም።

መንግሥት በ2019 ዓ. ም. ባወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በራዲዮንና በቴሌቪዥን እንዳይነገር ከልክሏል። ነገር ግን በቤት ለሚጠመቀው ጠላ ማስታወቂያ የለውም፤ ቀጂዋ ጎረቤት፣ ጠጪዋም እንግዳ ናት። ይህን ለማስረዳት የሚችሉት በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የሃይማኖት አባቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። ባልም ከዚህ ኀላፊነት አያመልጥም፤ ጫቱን ይዞ የሚገባው፣ ጽዋውንም የሚያቀርበው ብዙ ጊዜ እርሱ ነውና።

ሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ፣ ጎባም የሪፈራል ሆስፒታሉ መቀመጫ ናቸው። በዚያ የሚወለዱትን ሕፃናት ከሚዛን እስከ ትምህርት ቤት ደጃፍ ተከታትሎ መመርመር ለሊቃውንቱ የሚገባ ሥራ ነው። ፊደል አልገባው ብሎ ሰነፍ ተብሎ የሚገረፍ ልጅ፣ ጕዳቱ ያገኘው ገና ሳይወለድ ሊሆን ይችላል። እርሱን በወቀሳ ፈንታ በትዕግሥት ማስተማር፣ ተከታዩንም ከማሕፀን ጀምሮ መጠበቅ የሁላችንም ግዴታ ነው።