ደላላ የማይገባበት የምርምር ፌሎሺፕ ገበያ

ዶክትሬቱን ጨርሶ በውጭ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥራ የሚፈልግ ሰው ዕቃ ይዞ ገዥ እንደሚጠብቅ ነጋዴ ነው። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች «ሪሰርች ፌሎው» እያሉ የሚያወጡት ክፍት የሥራ ቦታ ሁሉ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ዓይነት ይመስላል። ገዥው ግን እንደ ትምህርቱ ዘርፍ ይለያያል፤ ይህን ሳያጣሩ ማመልከት ጤፍ ጭኖ ከብት ተራ እንደ መግባት ነው።

በሕክምና፣ በባዮሎጂ፣ በኬሚስትሪና በምህንድስና ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በፕሮፌሰሩ እጅ ነው። ፕሮፌሰሩ ከመንግሥት የምርምር ካውንስል ወይም እንደ ዌልካም ካለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለተወሰነ ጥናት ገንዘብ ያገኙና የሚሠራላቸውን ሰው በማስታወቂያ ይፈልጋሉ። ለዚህ ቦታ የራሱን የጥናት ሐሳብ ይዞ የሚቀርብ አመልካች ሰሚ አያገኝም። የሚጠየቀው የተፈለገውን መሣሪያና ዘዴ ማወቁን ነው። ደመወዙ በማስታወቂያው ላይ ተጽፏል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል።

በታሪክ፣ በቋንቋና በፍልስፍና ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ የሚሸጠው የአመልካቹ የራሱ ሐሳብ ነው፤ ገዥዎቹም እንደ ብሪቲሽ አካዳሚ ያሉ ተቋማትና የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ኮሌጆች ናቸው። የኮሌጆቹ «ጁኒየር ሪሰርች ፌሎሺፕ» ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 4 ዓመት ይቆያል። ክፍያው አነስ ቢልም ምግብ፣ አንዳንዴም መኖሪያ ይጨመርበታል። ኮሌጆቹ ማስታወቂያቸውን የሚያወጡት በየራሳቸው ነው፤ ዘንድሮ የሒሳብ ሰው የፈለገው ለከርሞ የታሪክ ሰው ሊፈልግ ይችላል። የኢኮኖሚክስ ሰው ዕድለኛ ነው፣ በሁለቱም ተራ መቆም ይችላል።

ማስታወቂያውን ለማየት ገንዘብ አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የሚሠራው ጆብስ ዶት ኤሲ ዶት ዩኬ የዩኒቨርሲቲዎቹን ክፍት ቦታዎች በየዘርፉ ለይቶ ያወጣል። እናም «አስገባልሃለሁ» ብሎ ኮሚሽን የሚጠይቅ ሰው በእጁ የሚሸጠው ነገር የለም።

ዋናው ችግር ጊዜ ነው፤ ዶክትሬት እንደ ቲማቲም ባይሆንም ይበላሻል። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኪውሪ ፌሎሺፕ፣ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ኅብረቱ የምርምር ፕሮግራም ከተመለሰች ወዲህ ለዩኒቨርሲቲዎቿም ክፍት ሆኗል። በዚያው ዓመት ጥሪ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ሲያመለክቱ ያለፉት 1,700 ያህል ብቻ ናቸው። ዶክትሬቱን ካገኘ በኋላ ከ8 ዓመት በላይ በምርምር የሠራ አይገባም። ከጥሪው መዝጊያ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ የኖረም እንዲሁ። «ቀድሜ ገብቼ እዚያው ሆኜ ልፈልግ» ያለ ሰው በገዛ እግሩ ከዚህ ገበያ ይወጣል።

ቦታው ከተገኘ በኋላ ብዙዎች ሳያስቡት የሚመጣ ወጪ አለ። እንግሊዝ ለቪዛ አመልካች የምታስከፍለው የጤና ክፍያ ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአንድ አዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ ነው፤ የሚከፈለውም ለቪዛው ዘመን በሙሉ በቅድሚያ ነው። ለ3 ዓመት 3,105 ፓውንድ ይደርሳል። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ይተካል፣ አንዳንዱ አይተካም፤ ይህ ከመፈረም በፊት የሚጠየቅ ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ አመልካች ደግሞ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ምንዛሪውንም ማግኘት ሌላ ሥራ ነው። ቤተሰቡን ይዞ የሚሄድ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ይከፍላል፤ የአንድ ልጅ ሒሳብ በዓመት 776 ፓውንድ ነው።