ነዳጅ ሲረገጥ የሚዘገይ ሞተር፦ ከፍታው ነው ወይስ ብልሽቱ?

«መኪናው አይስብም» የሚለው የሹፌሮች ቅሬታ ሁለት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው የጉልበት ማነስ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ መርገጫው ከተረገጠበት ቅጽበት አንሥቶ ሞተሩ እስኪታዘዝ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ መርዘሙ ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ በምትገኘው ሮብ ገበያ ይህ ቅሬታ ሲነሣ ጸሐፊው ደጋግሞ የሰማው መልስ «አገሩ ደጋ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። መልሱ ከፊል እውነት አለው። ይህ አጭር ጽሑፍ የከፍታውን ድርሻ ከብልሽቱ ድርሻ ለይቶ ለማሳየት ይሞክራል።

ቢቸናም ሆነች ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል የሚሆነው የአየር ግፊት በዚህ ከፍታ ወደ 75 ገደማ ይወርዳል። በመሆኑም ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ምጥ የሚያስገባው አየር በሩብ ያህል ያንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሞተር ደካማ ቢሆንም ፈጥኖ ይታዘዛል። ባለ ቱርቦው ግን ሌላ ነው። ቱርቦው በጠቅላላ 200 ኪሎፓስካል ግፊት እንዲያደርስ ቢታዘዝ፣ በባሕር ወለል አየሩን 2 እጥፍ፣ በዚህ ከፍታ ግን 2.7 እጥፍ ያህል ማመቅ ይኖርበታል። ለዚህም ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ እዚያ ፍጥነት ላይ እስኪደርስም ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል።

ስለዚህ ከፍታው ባለ ቱርቦ ሞተርን በመጠኑ ያዘገያል። ነገር ግን ዳገቱ አምና ከነበረበት አልተነሣም። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭነት አምና ደኅና የነበረ መኪና ዘንድሮ ከዘገየ ተጠያቂው ከፍታው ሊሆን አይችልም። ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሹፌር ያለ ምንም መሣሪያ ሊፈትነው ይችላል፤ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። የበረሃው ሙቀት አየሩን በጥቂቱ ቢያሳሳውም፣ መዘግየቱ ከታች ባለው ዳገት ላይ ምንም ካልተሻሻለ ብልሽት መፈለግ ይገባል።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው በአካባቢው የሚሠራ አንድ ባለ ቱርቦ የናፍጣ ሚኒባስ ነው። ባለንብረቱ እንዳስረዱኝ፣ መኪናው ባዶውን ሲሄድ ደኅና ነው፤ ረቡዕ ገበያተኛ ሞልቶ ዳገት ሲይዝ ግን ሞተሩ «አስቦ» ነው የሚነሣው። ከጭነት መኪና ኋላ ወጥተው ለማለፍ ሲሞክሩ ይህ የማሰቢያ ጊዜ ሁለት ጊዜ ከባድ አደጋ ላይ ሊጥላቸው ደርሶ ነበር። በአንድ ጋራዥ ቱርቦው እንዲቀየር ተመክረው፣ ያገለገለ ቱርቦ ለመግዛት ብድር ማፈላለግ ጀምረዋል።

ከእግር እስከ ጎማ ያለው ሰንሰለት ረጅም ነው። የመርገጫው ሴንሰር ለኮምፒውተሩ ያስታውቃል፤ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ያዛል፤ የተቃጠለው ጋዝ ቱርቦውን ያዞራል፤ ቱርቦው ያመቀው አየር በኢንተርኩለርና በጎማ ቱቦዎች አልፎ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ጉልበቱም በፍሪሲዮንና በካምቢዮ በኩል ወደ ጎማው ይተላለፋል። ሊጠየቅ የሚገባው ጊዜው የት ላይ እንደጠፋ ነው። የሞተሩ ዙር ወዲያው ከፍ ብሎ መኪናው ከዘገየ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ሞተሩን መነካካት አያስፈልግም። ዙሩም ከዘገየ ጭሱ ይታያል። ጥቁር ጭስ ነዳጁ ደርሶ አየሩ እንዳልደረሰ ያመለክታል፦ የታፈነ ፊልትሮ፣ የሚያፈስ ቱቦ፣ የደከመ ቱርቦ ወይም ሳይዘጋ የቀረ የጭስ መመለሻ ቫልቭ ሊሆን ይችላል። ጭስ ከሌለ የናፍጣው ፊልትሮ ይታያል፤ አለዚያም ኮምፒውተሩ ራሱ ነዳጅ ነፍጎ ይሆናል፤ የመርገጫው ሁለት የሴንሰር ምልክቶች ካልተስማሙ ሆን ብሎ ያዘገያልና። (አዳዲስ ሞተሮች ጭስን ስለሚገድቡ ይህ ምልክት በእነርሱ ላይ ብቻውን አይታመንም።)

ሚኒባሱ ጥቁር ያጨስ ነበር። የአየር ፊልትሮው አቧራ ቢሞላውም መቀየሩ ብዙ ለውጥ አላመጣም። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ የግፊት ሴንሰሩ ወደ 75 ኪሎፓስካል አነበበ። አብሮን የነበረው መካኒክ «መጽሐፉ 101 ይላል፤ ሴንሰሩ ሞቷል» አለ። እውነታው ተቃራኒው ነው፤ በዚህ ከፍታ 101 የሚያነብ ሴንሰር ነው የተበላሸው። በጉዞ ላይ ግን ግፊቱ ቀስ ብሎ እየወጣ ከሚፈለገው በታች ቀረ።

ጥፋቱ ከቱርቦው ወይም ከቱቦው መሆኑን ለመለየት የቱርቦው ዘንግ በእጅ ተነቅንቆ ተሞከረ፤ ልቅነት አልነበረውም። ከዚያ የአየር መስመሩ ተደፍኖ ዝቅተኛ ግፊት ያለው አየር ተሞላበት፤ መጋጠሚያዎቹም በሳሙና ውኃ ተቀቡ። አረፋው ከፋሼታው አጠገብ፣ በቱቦው ታችኛ ጎን ተነሣ። ቅዱ ግፊት ሲኖር የሚከፈት፣ ሲበርድ የሚገጥም በመሆኑ በዓይን ብቻ ቢፈለግ አይገኝም ነበር፤ መኪናው ባዶውን ደኅና መሆኑም ከዚሁ የመጣ ነው። ቱቦውና ፋሼታው ተቀየሩ። በላስቲክ መጠቅለል ዘይትና ሙቀት ስለማይችል አይመከርም።

በዚያው ዳገት፣ በዚያው ማርሽ፣ በረቡዕ ጭነት ሲሞከር ሞተሩ ፈጥኖ ተነሣ፤ ጥቁሩም ጭስ ጠፋ። ጥቂት መዘግየት ቀርቷል፤ ይህ የከፍታው ድርሻ ነው። ባለንብረቱም አሁን ለማለፍ ሲያስቡ አስቀድመው አንድ ማርሽ ይቀንሳሉ፤ የቱርቦው ብድርም ቀርቷል።