በደልን ይቅር ስለ ማለት

በደብረ ብርሃን ሜዳ ገብስ የሚዘሩ ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ እንበል። የአንዱ በሬ ሌሊት ከበረቱ ወጥቶ የሌላውን ቡቃያ ጋጠ። ባለ ቡቃያው ተቈጥቶ በሬውን በዱላ ቢመታው እግሩ ተሰበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱ መካከል ሰላምታ ቀረ፤ ልጆቻቸውም ዐብረው ወደ ምንጭ መውረድን ተዉ። ቡቃያው በሚመጣው ዓመት ደግሞ ይበቅላል፤ በሬም በገንዘብ ይገዛል። ቂም ግን በጎተራ እንዳለ እህል እየጎደለ አይሄድም፤ ሲከርም ይበዛል እንጂ። እንዲህ ካለ ትንሽ ነገር ተነሥቶ ደም የፈሰሰበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ አባት የጀመረውን ጠብ ልጅ ደም መላሽ ሆኖ ይወርሰዋል።

ይቅርታ ማለት ይህን ቂም ከልብ አውጥቶ መጣል ነው። በደል አልተደረገም ማለት አይደለም፤ የበሬው እግር ተሰብሯልና። ነገር ግን የተበደለው ሰው ብድሬን እመልሳለሁ ማለትን ስለ እግዚአብሔር ብሎ ይተዋል።

ሐዋርያው ጴጥሮስ የበደለውን ወንድም ስንት ጊዜ መማር እንደሚገባ ጌታን ጠየቀ፤ ሰባት ጊዜ የሚበቃ መስሎት ነበር። ጌታም ሰባቱን በሰባ አበዛበት። ይህ ሲቈጠር 490 ይሆናል፤ ነገር ግን እስከ 490 ድረስ በጣቱ የሚቈጥር ሰው ገና አንድ ጊዜም ይቅር አላለም። ቀጥሎም ጌታ የአንድ አገልጋይ ምሳሌ ነገረው። ይህ አገልጋይ የንጉሥ ዕዳ 10000 መክሊት ነበረበት፤ የሚከፍለው ቢያጣ ንጉሡ ራርቶ ሁሉን ተወለት። እርሱ ግን ወጥቶ 100 ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ያዘው፤ በወህኒም አሳሰረው። 100 ዲናር የአንድ ሠራተኛ የ100 ቀን ደመወዝ ነበረ፤ 10000 መክሊት ግን ብዙ ሺህ ዓመት ቢሠራ የማይጨርሰው ገንዘብ ነው። ክርስቲያን ሌላውን የሚምረው አስቀድሞ እርሱ ራሱ ትልቁን ዕዳ ስለ ተማረ ነው።

ስለዚህ በቅዳሴ ጊዜ፣ ቍርባን ከመቀበል በፊት፣ ምእመናን እርስ በርሳቸው ሰላምታ ይሰጣጡ ዘንድ ይታዘዛሉ። ቂም የያዘ ሰውም አስቀድሞ ከባላጋራው ጋር ሊታረቅ ይገባዋል።

በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ በተበደለው ፊት ይወድቅ ነበር። ይህም በደሌ ከብዶኛል፤ ብትወድድ በዚሁ ድንጋይ ምታኝ እንደ ማለት ነው። የተበደለው ሰው «ይማርህ» ሲለው ሸክሙን ይጥላል።

በ1836 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አጠገብ በአንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ ይህን ድንጋይ በፊታቸው አይተዋል። ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ማርከው ነበር። የቈሰሉትን ምርኮኛ አሳከሟቸው እንጂ አልገደሏቸውም፤ በኋላም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ከሞቱ በኋላ ደግሞ ልጃቸው ራስ መንገሻ ለምኒልክ መገዛት ከብዷቸው ከኢጣልያኖች ጋር እስከ መዋዋል ደርሰው ነበር። በ1886 ዓ.ም. ግን ከትግራይ ተነሥተው አዲስ አበባ ድረስ መጡ፤ ድንጋይም ተሸክመው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ወደቁ። ዐፄ ምኒልክም ማሯቸው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በዐድዋ የኢጣልያ ጦር ድል ሆነ። በዚያ ቀን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ራስ መንገሻ ሁለቱም ከምኒልክ ጋር ተሰልፈው ነበር። ምሕረት ባይኖር ኖሮ እነዚህ ሁለት ጦሮች ከወዴት ይመጡ ነበር?

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ጥቂት ዓመት ቈይተው ራስ መንገሻ እንደ ገና ሸፈቱ፤ ዳግመኛም እጃቸውን ሰጡ። በዚህ ጊዜ፣ በ1891 ዓ.ም.፣ ወደ አንኮበር ለግዞት ተላኩ። አስተዋይ ተማሪ፦ ሰባ ጊዜ ሰባትስ ወዴት ሄደ? ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም መልካም ነው። ቂምን መተው ለተበደለው ሰው ሁሉ የታዘዘ ነው፤ አገርን ከሌላ ጦርነት መጠበቅ ግን የንጉሥ ሥራ ነው። በግ የሰረቀ ሰው ይቅር ቢባልም በጉን ይመልሳል፤ ልማዱን እስኪተውም ድረስ ባለ በጉ የበረቱን በር ይዘጋል፤ በር መዝጋቱም ጥላቻ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ ራስ መንገሻን ወደ አንኮበር ሲልኩ በልባቸው ቂም ይዘው እንደ ሆነ ወይም አዝነው እንደ ሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። ሰው ያየው ራስ መንገሻ እንዳልተገደሉ ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ በአንኮበር ተቀመጡ።